ራስ የሚያሳምመው ሽቦ

ሰው ራሱን ሲያመው መጀመሪያ የሚፈልገው መድኃኒት እንዳይመስላችሁ፤ ጥፋተኛ ነው። መድኃኒቱ ኋላ ይደርሳል። ትናንት የበላሁት ሽሮ ነው ይላል፤ ያንኑ ሽሮ የበሉት ሁሉ ደህና ከሆኑበት ፀሐይ ነው ይላል፤ ሰማዩ ደመና ከሆነ ደግሞ ያች ጎረቤቴ ጠዋት ስወጣ ያየችኝ አስተያየት ደስ አላለኝም ይላል። እኔ ይህን ሁሉ እችላለሁ። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ምችንም፣ ነፋስንም፣ የሰው ዓይንንም ለምጃቸዋለሁ። እነሱ ከኔ በፊት የነበሩ ናቸው፤ በእነሱ የሚጠይቀኝ የለም። እኔን እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው በገዛ አፌ፣ በገዛ ጠመኔዬ ሰፈሬ ላይ ያመጣሁት በሽታ ነው።

ስሙ ሞገድ ይባላል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቁስቋም፣ በቀበሌያችን አዳራሽ፣ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሸማኔዎች፣ ባልቴቶች፣ የገበያ ሴቶች ናቸው። ከሁሉም ጎበዟ እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ፤ በርበሬ ነጋዴ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ። ፊደል ከቆጠሩ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በፒያሳ የተለጠፈውን መፈክር ሁሉ እያነበቡ የሚመለሱ፣ ያነበቡትን ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ የሚያድሉ ሴት። እትዬ ጥሩነሽ ጠዋት የሰሙትን ነገር ቅዳሜ ገበያ እኩለ ቀን ሳይሆን ያውቀዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

አንድ ቀን ትምህርቱ ቶሎ አለቀና ጊዜ ተረፈኝ። ለመምህር የተረፈ ጊዜ አደገኛ ነው። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ያ በራዲዮ የሚያወራው ሰውዬ ድምፁ ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ በምን ይመጣል?»

እዚህ ላይ «አላውቅም» ያለ መምህር ብልህ ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ጠመኔዬን አንስቼ ሰሌዳው ላይ እየተጥመለመለ የሚሄድ መስመር ሣልኩና፣ በዓይን የማይታይ ሞገድ በአየር ላይ እንደሚጓዝ፣ ተራራ እንደሚሻገር፣ ግድግዳ እንደማያግደው አብራራሁ።

«ሰውንስ?» አሉኝ።

«ሰውንም ያልፋል። አሁን እዚህ ተቀምጠን ሳለ በሁላችንም ራስ ውስጥ እያለፈ ነው።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ያህል ጸጥታ ለሊቀመንበሩ ንግግር እንኳ ተሰጥቶ አያውቅም። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶችም ተከተሏቸው። እኔ ደግሞ ሞኙ ትምህርቱ ገባቸው ብዬ ፈገግ አልኩ!

በማግስቱ ማለዳ እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው አጥሩ ጥግ ቆመው አገኘኋቸው። «ምነው መምህር» አሉ፣ «ትናንት ካስተማርከን ጊዜ ጀምሮ እዚህ ላይ ይወጋኛል።» ወዲያው ቀና ብለው ወደ ጣራዬ አዩ። በሁለት ረጃጅም አጣና ላይ የወጠርኩት ሽቦ ከግቢዬ ተነሥቶ አጥራቸው ጫፍ ድረስ ይሄዳል። ከተሰቀለ አራት ወሩ ነው። በአራት ወር ውስጥ ስለ ሽቦው አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም፤ ወፍ ሲያርፍበት እንኳ አላዩም መሰለኝ። «ያ ደሞ ምንድን ነው?»

«ሞገዱን መያዣ ነው» አልኩ። ሁለተኛው ሞኝነቴ።

«ይስበዋል?»

«አዎ፣ እንደ መሳብ ነው።» ሦስተኛው።

ተመልከቱ እንግዲህ። በአንድ ቀን ለአንዲት ሴት ራስ ውስጥ የሚያልፍ የማይታይ ነገር ሰጠኋት፣ በማግስቱ ደግሞ ያን የማይታይ ነገር ከአገሩ ሁሉ እየለቀመ በቤቷ ላይ የሚያሳልፍ ሽቦ አሳየኋት። ከዚህ በኋላ ራሷን ባያማት ነበር የሚገርመው።

ሽቦው ለምን እንደተሰቀለ አሁን ለእናንተ እነግራችኋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከባለቤቴ ከባንቻየሁ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ፈንታሁንና የእትዬ ጥሩነሽ አንድ ልጅ ዘመነ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ተጭነው ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል። ሁለት ሁለት ደብዳቤ ጻፉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ስሙን መጥራት የሚያሳስር አንድ ጣቢያ ነበረ፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የተማረኩ ወታደሮችን ስም ከነትውልድ ቦታቸው ያነባል። ቁስቋም ከተራራ ሥር ነው፤ ሽቦ ከሌለ ጣቢያው ጩኸት ብቻ ነው። ሽቦው ካለ ግን፣ ራዲዮዋን ትራስ ላይ አስተኝቼ ጆሮዬን ከለጠፍኩባት፣ ሰውዬው ይሰማል። የምሰማው ለሁለት ስም ነው፤ ለፈንታሁንና ለዘመነ። ታዲያ እትዬ ጥሩነሽ በሽቦዬ ምክንያት አጥሬ ሥር ቆመው ሲያቃስቱ፣ «እባክዎ ሽቦው እኮ ልጅዎን ነው የሚፈልገው!» ብዬ ልጮህ ምን ያህል ጊዜ አፌ ላይ እንደደረሰ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ነግሬያችኋለሁ፤ ለእሳቸው መንገር ለቅዳሜ ገበያ መንገር ነው።

በሦስተኛው ቀን የበሽተኛው ቁጥር ከአጥራችን አልፎ ወደ ታችኛው መንደር ወረደ።

ባንቻየሁ ሆስፒታል ትሠራለች። ነገሩን እንዳየች አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ቡና ከጠፋ ስንት ቀኑ ነው?» እውነቷን ነው። ከቀበሌው ሱቅ ቡና ጠፍቶ ነበር፤ ከዘጌ እንዳይመጣ ኬላ አለ፤ ሰው የተቆላ ገብስ እየወቀጠ ይጠጣል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የለመደ አናት ድንገት ገብስ ቢያቀርቡለት ሊያምጽ እንደሚችል ለማወቅ ሆስፒታል መሥራት እንኳ አያስፈልግም። የእኔም አናት ይነዝረኝ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወጥቶ መናገር ብቻ።

ለማን ትናገራለህ? በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ቡና ስለሌለ ነው» ማለት በአብዮቱ ላይ የኢኮኖሚ አሉባልታ መንዛት ነው። «ሽቦ አሳመመን» ማለት ግን ምንም ክልከላ የለበትም። ይህን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ሁለት እውነት በእጄ ይዤ ነበር፤ አንዱ ስለ ቡናው፣ አንዱ ስለ ሽቦው። ሁለቱም የሚያሳስሩ ነበሩ። ሐሰቱ ብቻ ነው በነጻ የሚሄደው፤ እሱም ከሰፈር ሰፈር ሄደ።

ቀበሌው ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ያን ጊዜ ውሻ ቢጠፋም አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር፤ ውሻው ግን አይገኝም። ኮሚቴው ደብተር አሰመረና ከቤት ቤት መዞር ጀመረ፤ ራስ ምታት፣ የጆሮ ጩኸት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ መምታት፣ እያለ በየዓምዱ ምልክት ሊያደርግ። አያ ሞላ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ፤ ከሸማ ጉድጓዳቸው ሳይወጡ «እኔስ ሸጋ ነኝ» ብለው መለሱላቸው። «ጆሮዎስ አይጮህም?» አሏቸው። አያ ሞላ መወርወሪያቸውን አስቀመጡና ጸጥ ብለው አዳመጡ። ሰው ጆሮው ይጮህ እንደሆነ ጸጥ ብሎ ካዳመጠ፣ ይጮሃል። እናንተም አሁን ንባቡን አቁማችሁ ሞክሩት። ይኸው! እና በቤታችሁ ሽቦ አለ? አያ ሞላ ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራ መሥራት አቃታቸው።

ኮሚቴው ዙረቱን ሲጀምር ሃያ የማይሞላ የነበረው በሽተኛ፣ ዙረቱ ሲያልቅ ደብተሩ አልበቃውም። በስብሰባው ላይ «የተጠቂዎች ዝርዝር» ተብሎ ስም ሲነበብ፣ ስማቸው ያልተጠራ ሁለት ሴቶች ቅር ብሏቸው ተነሡ፤ ቤታቸው ስላልተገኙ እንጂ እነሱም ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ይመዝገብላቸው።

ሊቀመንበሩ ጓድ አስማረ ነበር። ከመመረጡ በፊት አያ አስማረ ነበር የምንለው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይወፍራል። ዝርዝሩ ተነቦ ካለቀ በኋላ ዓይኑን ከደብተሩ አንሥቶ ወደ እኔ አዞረ።

«ጓድ መምህር፣ የሀገራችን ጣቢያ ያለ ሽቦ ይሰማል። እኔ ቤት ይሰማል። ይህ ሁሉ ሽቦ ማንን ለመስማት ነው?»

ባንቻየሁ ከሴቶቹ ወንበር አየችኝ። አዳራሹ ራስ ምታቱን ረስቶ መልሴን ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት ጥያቄውን የሚያስረሳ አንድ ነገር ብቻ ነበር በእጄ ያለው፤ በሽታቸው።

ተነሣሁና፣ በመምህር ድምፅ፣ እንዲህ አልኩ፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ለመሠረተ ትምህርት ዝግጅት ብዬ ነው የሰቀልኩት። ግን ሕዝቡ ያለው ልክ ነው። ሽቦው ሞገድ ያከማቻል፤ የተከማቸ ሞገድ ደግሞ ራስ ያሳምማል። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁኑኑ ይውረድ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። በቃለ ጉባኤውም ላይ ሰፈረ፤ የፊዚክስ መምህሩ ራሱ በሳይንስ አረጋግጧል ተብሎ፣ ፊርማዬ ከሥሩ። ማንን ለመስማት እንደሆነ ዳግመኛ የጠየቀኝ አልነበረም። አያችሁ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ የተጠራጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ጡረተኛ የጉምሩክ ጸሐፊ፣ አንድ ሁለት ተማሪዎቼም። እነሱንም የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ማታ ባንቻየሁ እራት እያቀረበች «ዲግሪህን መልስላቸው» አለችኝ። አልሳቅሁም ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ፤ ግን ሳቄ አላስደሰተኝም።

ሽቦው ሐሙስ ወረደ፤ ተጠቅልሎ ቀበሌው ዕቃ ቤት ገባ። ቅዳሜ ቡና መጣ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ሦስት ቀን ዘግይቶ ቢመጣ ምን ነበረበት? ሽቦው ወርዶም ራሳቸውን እንደሚያማቸው ያዩ ነበር። እሑድ ቁስቋም እንደ ፋሲካ ማግስት ነበረች። አያ ሞላ መወርወሪያቸውን አነሡ። እትዬ ጥሩነሽ ሻሻቸውን ፈተው፣ ፊታቸው አብርቶ፣ በአጥሩ ላይ የተፈጨ በርበሬ በትንሽ ሳህን አቀበሉኝ። «ሽቦውን ስላወረድክልን ነው፤ ተመረቅ» አሉኝ። ቡናው ነው ልል ስል ባንቻየሁ እጄን ቆነጠጠችኝ። በርበሬውን ተቀበልኩ። ጥሩ በርበሬ ነበር።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ራዲዮዋን እከፍታለሁ፤ ጩኸት ብቻ። ሰውዬው ከተራራው ማዶ ስም እያነበበ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማን ስም እንደሆነ ግን አላውቅም። ምናልባት ዛሬ «ፈንታሁን» አለ። ምናልባት ትናንት ብሎ ጨርሷል። እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ በየቀኑ እንዲህ ተቀመጥኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ጤና ሆኖ ይውላል። በጤናቸው የተናደድኩባቸው ጊዜ ነበር፤ አልደብቃችሁም።

አንድ ማለዳ እትዬ ጥሩነሽ ሳያስነግሩ ገቡ። ለበርበሬ አምባ ጊዮርጊስ ሄደው ማደራቸውን ሰምቼ ነበር። በሩን ዘጉ። እሳቸው በር ሲዘጉ ያን ቀን ገና አየሁ።

«መምህር» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «አምባ ጊዮርጊስ አንዲት እናት የልጇን ስም በራዲዮ ሰማች። በሕይወት አለ። ተማርኮ።»

ሰው እንዳይኖር በመስኮት አጥሩን አየሁ።

«ያ ያንተ ሽቦ ... ስምም ይስባል?»

ባንቻየሁን አየኋት። ባንቻየሁ «ንገራቸው» በሚል ራሷን ነቀነቀች። «ይስባል» አልኩ። «አራት ወር ሙሉ ዘመነንና ፈንታሁንን ስፈልግበት ነበር።»

እትዬ ጥሩነሽ መደብ ላይ ቁጭ አሉ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ ተነሡ። «ከኔ ቤት ስቀለው። የኔ ግቢ ከፍ ይላል።»

«ሽቦው ቀበሌ ነው፤ እኔ ብጠይቅ ያስጠረጥራል።»

«አንተ ምን አገባህ! እኔ ልብስ ማስጫ ቸግሮኛል።»

በዚያው ቀን ቀበሌ ሄደው ጓድ አስማረን እንደ ድሮው «አያ አስማረ» ብለው ጠርተው፣ ዝናብ ገመዴን አበሰበሰብኝ፣ ያ ዕቃ ቤት የወደቀው ሽቦ ለማንም አልጠቀመ ብለው፣ ሽቦውን በትከሻቸው ይዘው መጡ። እኔ የሽቦውን ሁለት ጫፍ፣ ሞገዱ ወደ እንጨቱ እንዳያመልጥ፣ በላስቲክ ገመድ ከአጣናው ለይቼ አሰርኩ፤ አንድ ቀጭን ሽቦ ከአጥሩ ሥር ወደ ቤቴ አስገባሁ። እሳቸው ቀሚስና ነጠላ አሰጡበት። ልብስ ማስጫ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሆነውን ለየትኛውም ሐኪም ብትነግሩት ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ሊያሳብደኝ ነበር። ያው ሽቦ፣ ያው ርዝመት፣ ያው ሞገድ። የጎረቤት ሴቶች በሥሩ ሲያልፉ፣ የአያ ሞላ ባለቤት አዲስ ሸማ ሲያሰጡበት፣ በሥሩ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ይውላሉ። አንድም ራሱን ያመው የለም። የሚያማቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ምን እንደሆነ የሚያውቁት እትዬ ጥሩነሽ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሻሻቸውን ያስራሉ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ገብተው ከኔ ጋር ትራሱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ግንባራቸውን ይዘው።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። «እትዬ፣ ሽቦው አያሳምምም። እኔ ነኝ ያሳመምኳችሁ፤ አፌ ነው። ሌሎቹ እኮ በሥሩ እየዋሉ ምንም አልሆኑም። ያን ጊዜ ደግሞ ቡና ስለጠፋ ነው» ብዬ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። ሰሌዳ ቢኖር እሥል ነበር።

በትዕግሥት አዳመጡኝ፤ ሞኝ ልጅን እንደሚያዳምጥ ሰው። «እነሱ ስለማያውቁ ነዋ የማያማቸው» አሉኝ።

«ታዲያ ካመመዎት እንዴት ይሰቀል አሉ?»

«ኧረ ይመመኝ! ራስ ለዚህ ካልታመመ ለምን ሊሆን ነው?»

ለዚህ መልስ የሚሰጥ የፊዚክስ መጽሐፍ አላገኘሁም።

በአንድ ረቡዕ፣ ራዲዮዋ እንደ ወትሮዋ እየጮኸች ሳለ፣ ሰውዬው አነበበ። «ወታደር ዘመነ» አለ፤ የአባቱን ስም ጨመረ፤ «የትውልድ ቦታ፣ ጎንደር፣ ቁስቋም» አለ። እትዬ ጥሩነሽ እጄን ያዙ። እልል ሊሉ ነው፤ ባንቻየሁ አፋቸውን በመዳፏ ያዘች። ታዲያ ሴትዮዋ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በአጥሩ ቀዳዳ ወጥተው ግቢያቸው መሃል፣ ልብሱ ከተሰጣበት ሽቦ ሥር ተቀምጠው፣ ሻሻቸውን ይዘው፣ «ወይኔ ራሴን! ወይኔ ራሴን!» እያሉ እስኪበቃቸው አለቀሱ። ጎረቤት ተሰበሰበ። የአያ ሞላ ባለቤት ውኃ አመጡላቸው። ማንም ምን ሆነው ነው አላለም፤ ራሳቸውን ነው። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ነው፤ እኔ ራሴ የፈረምኩበት።

ሲጨልም መጡ፤ ዓይናቸው አብጧል። «ሽቦው አይወርድም» አሉኝ። «ያንተ ገና ነው።» በየቀኑም መጡ። ልጃቸው መትረፉን ካወቁ በኋላም ሻሻቸውን እያሰሩ፣ ለኔ ወንድም ራሳቸውን እያመማቸው፣ አንድ ዓመት ከምናምን ከትራሱ አጠገብ ተቀመጡ።

ደርግ ወደቀ፤ ጣቢያው ስም ማንበቡን ተወ። ዘመነ ጢም አብቅሎ መጣ። የፈንታሁን ስም አልተነበበም፤ እሱም አልመጣም። ሽቦው ዛሬም እዚያው ነው፤ ዝጓል፤ ልብስ ያቆሽሻል፤ ማንም አያሰጣበትም። ዘመነ ሊያወርደው ተነሥቶ እናቱ ተቆጡት።

እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ያ ቃለ ጉባኤ ትዝ ይለዋል፤ «መምህር፣ ሞገድ ራስ ያሳምማል ያልከው ልክ ነህ» ይለኛል። ድሮ እከራከር ነበር። አሁን ትቻለሁ። ሞገድ ራስ እንደማያሳምም አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ግን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ራዲዮ ሳይከፈት፣ እዚህ ላይ ይወጋኛል። ባንቻየሁ ቡና ታመጣልኛለች። እጠጣዋለሁ። አይለቀኝም። ጥፋተኛም አልፈልግለትም።